በሞቴ የማይባልበት ቢሮ

አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ የተሰጠኝ ሹመት አንድ ነው። እሱንም በገዛ አፌ መለስኩት። ሰው ነጠቀኝ፣ በቀለሜ ከለከሉኝ፣ እንግሊዝኛዬ አልበቃ አለ ብዬ እንዳላማርር እንኳ አንዳቸውም አልደረሱብኝም። ጉድ የሠራኝ ጨዋነቴ ነው።

የምሠራው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ጡረታ የወጡ ሰዎች በሚኖሩበት አንድ ትልቅ ሕንፃ፣ የመመገቢያ አዳራሹ አስተናጋጅ ሆኜ ነው። የምኖረው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በመሃል ቤልትዌይ የሚባል፣ መኪና የሚቆምበት እንጂ የሚነዳበት ያልሆነ መንገድ አለ። በዚያን ጊዜ ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ነበር። የምሳ ሳህን አንስቼ፣ እራት አቅርቤ፣ ጠረጴዛ ወልውዬ ቤቴ ስደርስ ልጆቼ ተኝተው ነው የማገኛቸው። ባለቤቴ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ሆና ጠዋት ትሠራለች። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። በሳምንቱ ውስጥ በብዛት የምንገናኘው አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ፣ የመኪና ቁልፍ ስንቀባበል ነበር። "ልጁ ያስለዋል፣ ሽሮው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ቻው።" ትዳራችን እንዲህ ነበር የሚካሄደው።

ባለቤቴ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ስትመኝ የኖረችው ነገር ነው። ኮሌጁ ሁለት ጊዜ ተቀብሏት ሁለት ጊዜ ትታዋለች፤ ትምህርቱ ማታ ማታ ስለሆነና ማታ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀበሏት በደብዳቤው ላይ አንድ ነገር ጨመሩበት። እስከ ወሩ የመጨረሻ አርብ ሬጅስተር ካላደረገች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ከሀ ጀምሮ ማመልከት ነው። ደብዳቤውን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አነበዋለሁ። እኔ የጠዋት ሺፍት ካገኘሁ እሷ ትማራለች፤ ካላገኘሁ አትማርም። ነገሩ ይኸው ነበር። የጠዋቱን ሺፍት ደግሞ አዲስ ሰው አያገኘውም። የሚያገኙት ከቆዩት ሰዎች ጥቂቶቹና ሱፐርቫይዘሩ ብቻ ናቸው።

አዳራሹ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል፣ ሥራውን ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። በእንግሊዝኛ በስማቸው ነው የምጠራቸው፤ በልቤ ግን እትዬ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ሹካ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ጨው እንደተከለከለ፣ ማን ደግሞ ተከልክሎ እንደሚሰርቅ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በእነዚያ ዓመታት አምስት ሱፐርቫይዘር ከላያቸው ላይ ተሹሞ ሄዷል። አምስቱንም ሥራ ያስተማሩት እትዬ ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት የቅጥር ፎርም ስሞላ አዩኝ። ዘር የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ብዙ አሰብኩና "ሌላ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ከጎኑ "ሐበሻ" ብዬ ጻፍኩ። እትዬ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አሉኝ። አስረዳኋቸው። ታሪክ ጨመርኩበት። ታሪኩ ገና መካከለኛው ዘመን ሳይደርስ አቋረጡኝ።

"ቤቢ፣ ዛሬ ስንገባ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የማንን ቦርሳ ፈተሸ?"

"የኔን።"

"ሌላስ?"

"የእርስዎን።"

"ከኛ ኋላ የገባውን ቧንቧ ሠሪስ?"

ቧንቧ ሠሪው ነጭ ነው፤ ከነትልቅ የመሣሪያ ሳጥኑ ሰላም ተብሎ ነው ያለፈው።

"ጥበቃው ፎርምህን አላነበበውም፣" አሉና ወደ ሹካቸው ተመለሱ። እኔም አልሰረዝኩትም። ግትር ነኝ።

አሁን ስለምንመግባቸው ሰዎች ልናገር። ከመካከላቸው ሁለቱ፣ ጡረታ የወጡ ኮሎኔልና ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ለዓመታት በመስኮቱ በኩል ባለችው ጠረጴዛ አብረው ይበሉ፣ ከምሳ በኋላም ካርታ ይጫወቱ ነበር። የፕሬዚዳንት ምርጫው ሰሞን ሲመጣ ኮሎኔሉ የአንዱን ፓርቲ ቀይ ኮፍያ አድርገው መጡ። መምህርቷ በማግስቱ የሌላኛውን ፓርቲ ሰማያዊ ባጅ ደረታቸው ላይ ሰክተው መጡ። ከዚያ በኋላ ካርታ የለም። ኮሎኔሉ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ፣ መምህርቷ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ሄዱ፤ ሌላውም ሰው ጎራ ለይቶ ተከተላቸው። የመስኮቷ ጠረጴዛ ባዶዋን ቀረች። ምርጫው ካለፈ በኋላ ይበርዳል ያልነው ጭራሽ ባሰበት።

እኔን ነገሩ አልገረመኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ የኛ ሰዎች በሚቀመጡበት ካፌ ውስጥ የትኛው ጠረጴዛ የማን ደጋፊ እንደሆነ፣ የትኛው ጋ ስለ ምን እንደማይወራ፣ ማንን ሰላም ስል ማን እንደሚያኮርፈኝ አብጠርጥሬ የማውቅ ሰው ነኝ። አንድ ማኪያቶ ለመጠጣት ስለላ የሚያስፈልግበት ካፌ ነው። አሜሪካኖቹ በኛ ዓይን ጀማሪዎች ናቸው።

ሁለቱም ወገኖች ግን እኔን ይወዱኛል። ኮሎኔሉ ሾርባ ሳቀርብላቸው ክንዴን ይዘው "አንተ በበሩ የገባህ ሰው ነህ፣ በአጥር አልዘለልክም፣ ኮራሁብህ" ይሉኛል። በዲቪ ነው የመጣሁት፤ ዕጣ ወጥቶልኝ። ዕጣ ሲወጣልኝ ምን እንዳደረግኩ ባላውቅም አመሰግናቸዋለሁ። ወደ መምህርቷ ስሄድ ደግሞ ያንኑ ክንዴን ይዘው "በአገሬ ስም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ" ይሉኛል። ምን እንዳደረጉኝ ባላውቅም ይቅር እላቸዋለሁ። በየቀኑ አንዱ ያሞግሰኛል፣ አንዷ ይቅርታ ትጠይቀኛለች፤ ሾርባው በመሃል ይቀዘቅዛል። እትዬን ግን የሚያሞግስም ይቅርታ የሚጠይቅም አላየሁም። እሳቸውን ቡና ጨምሪልን ነው የሚሏቸው።

ትልቁ ጦርነት የነበረው በቴሌቪዥኑ ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰቀለ አንድ ቴሌቪዥን አለ፤ ሪሞቱም አንድ ነው። የምሥራቁ ወገን የራሱን የዜና ጣቢያ ሲከፍት የምዕራቡ ወገን ምግቡን ትቶ ይነሳል። አንድ ቀን ኮሎኔሉ ሪሞቱን ኪሳቸው ከተው ቁጭ አሉ። መምህርቷ ዳቦ ወረወሩ። ዳቦው ኮሎኔሉን ስቶ፣ መሃል ላይ የሚቀመጡ ጆሯቸው የማይሰማ ሴትዮ ሾርባ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ አመስግነው በሉት።

በማግስቱ ሰው ሳይገባ እትዬ ወንበር ላይ ወጡና ቴሌቪዥኑን ቀኑን ሙሉ ስለ ዓሣ ማጥመድ ብቻ የሚያወራ ጣቢያ ላይ አደረጉት። ከዚያ ወርደው የሪሞቱን ባትሪዎች አወጡና ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

"ይቺን እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቃት፣" አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን የምሥራቁ ወገን አስተዳደሩን መርገም ጀመረ። በአራተኛው ቀን የምዕራቡም ተቀላቀለ። ሪሞት ማሠራት ያቃተው ሕንፃ፣ ይሄ ሁሉ ብር እየተከፈለው፣ ኧረ ጉድ ነው! በሳምንቱ ኮሎኔሉና መምህርቷ ከስንት ጊዜ በኋላ በመስኮቷ ጠረጴዛ ተቀምጠው የአቤቱታ ደብዳቤ ሲጽፉ አገኘኋቸው። ኮሎኔሉ ይናገራሉ፣ መምህርቷ ይጽፋሉ፣ እግረ መንገዳቸውንም ሰዋስዋቸውን ያርሙላቸዋል። እኔን ጠርተው አነበቡልኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን አጣምሬ፣ "እሺ ጌታዬ፣ እሺ እመቤቴ" እያልኩ አዳመጥኩ። በኋላ ለአስተዳደሩ አድርሺልን ብለው ደብዳቤውን ለእትዬ ሰጧቸው። እሳቸውም ከባትሪዎቹ ጋር ኪሳቸው አኖሩት። ሁለቱ ሰዎች መልስ እስኪመጣላቸው ድረስ ካርታ መጫወት ጀመሩ።

አለቃችን ያየችው እኔ አንገቴን ደፍቼ የቆምኩበትን ሰዓት ነው።

አለቃችን ገና ወጣት፣ ፈገግታ የማይለያት ነጭ ሴት ናት። ክፋት የለባትም፤ ይህን ሳላስመዘግብ አላልፍም። አርብ ዕለት ቢሮዋ ጠራችኝ። አንድ ሳምንት ነበር ለባለቤቴ የቀረላት።

"አዳራሹን አንተ ነህ ያስታረቅከው፣" አለችኝ። "እናንተ ኢትዮጵያውያን እኮ እንዴት ጨዋዎች ናችሁ! አዲሱ ሱፐርቫይዘር አንተ እንድትሆን ፈልጌያለሁ። ሥራው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምን ይመስልሃል?"

እዚህ ላይ ስለ ባትሪው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ምስጢር ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሙገሳው ጣፍጦኛል። ልቤ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን ስትሰማ ዘላ ፍሪጁ ላይ ደርሳለች። ዘጠኝ ሰዓት ወጥቼ፣ ቤልትዌይ ቢጨናነቅም አሥራ አንድ ሰዓት ቤቴ ነኝ። ባለቤቴ ትማራለች!

የሚቀጥለውን ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት አይኖርብኝም፤ ግን ልጆቼ አንድ ቀን ቢያነቡት ብዬ ልጻፈው። ሰው ቤት ሄደህ ብላ ስትባል፣ ሆድህ እየጮኸ "በልቻለሁ" ትላለህ። ባለቤቱ "በሞቴ" ይልሃል። "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትላለህ። "አፈር ስሆን" ይልሃል። ያን ጊዜ ለሱ ስትል፣ እየተቸገርክ፣ ሳህኑን ጠርገህ ትበላለህ። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ የተቀመጠ ሰው ያልተቀጣ ነው ይባላል። ለእህል እንዲህ ከሆነ ለሹመት እንዴት ሊሆን እንደሚገባ አስቡት። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው።

"ኧረ እኔ! ኧረ አይገባኝም!" አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። "ከኔ የሚሻሉ ሰዎች እያሉ?" ነገሩ እንዲያምር ደግሞ የእትዬን ስም ጠራሁ። "ለምሳሌ እሳቸው አሉ። ከኔ በብዙ ይበልጣሉ።"

ከዚያም አንገቴን ደፍቼ ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅኩ።

ቀና ስል የአለቃችን ዓይኖች እንባ አቅርረዋል። "እንዲህ ያለ ሐቀኛ መልስ ሰምቼ አላውቅም፣" አለችኝ። "ውሳኔህን አከብራለሁ።" ተነስታ እጄን ጨበጠችኝና እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ኮሪደሩን ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ተመልሳ ትጠራኛለች ብዬ። ውሃ መጠጫው ጋ ስደርስ ቆምኩና ሳይጠማኝ ጠጣሁ። ደግሜ ጠጣሁ። በሩ አልተከፈተም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ቤት ነበርን። ቁርስ ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሱፐርቫይዘር የሚለውን ስትሰማ ከወንበሯ ተነስታ እልል ልትል ስትል እጄን አነሳሁ።

"አይገባኝም አልኳት።"

"ጥሩ። ከዚያስ?"

"ከዚያ ጨበጠችኝ።"

"ስንት ጊዜ ጠየቀችህ?"

"አንድ።"

"አንድ ጊዜ!" አለች ባለቤቴ። በመጀመሪያ የተናደደችው በአለቃዬ ላይ ነው። "ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? ሰው አንዴ ጠይቆ ዝም ይላል?" ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ቆይ፣ አንተ እዚህ አገር ስንት ዓመትህ ነው?"

የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ከሲሪያል ሳህኗ ቀና አለች። "ዳድ፣ ኖ አልክ እኮ። ኖ ሚንስ ኖ።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ኩሽና ውስጥ አሠለጠኑኝ። ባለቤቴ አለቃዬን ሆነች፣ ልጄ ዳኛ። "ይህን ሥራ ለምን ትፈልጋለህ?" ስትለኝ "ፈቃድዎ ከሆነ፣ ምናልባት…" እላለሁ። ልጄ በማንኪያ ጠረጴዛውን ትመታለች። "ይገባኛል በል!" ትላለች ባለቤቴ። ቃሏ አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ነበረች። አሥር ጊዜ ያህል ከሞከርኩ በኋላ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ ከሆነ ማለት ቻልኩ። ሰው እያየሁ ግን አልወጣልኝም።

ሰኞ ቤልትዌይ ላይ ለብቻዬ እየጮህኩ ነው የነዳሁት። "ይገባኛል! እፈልገዋለሁ! እችላለሁ!" ጎኔ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር መስኮቱን ዘጋ።

አዳራሹ ስገባ ሠራተኛውም ነዋሪውም ተሰብስቧል። መሃል ላይ ኬክ አለ፤ ኬኩ ላይ የእትዬ ስም ተጽፏል። አለቃችን ንግግር እያደረገች ነበር። እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱፐርቫይዘር መሆናቸውን ተናገረችና ወደ እኔ ጠቆመች። "ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ይሄ ሰው ነው። ዕድሉ ቀርቦለት፣ 'ለእሷ ይገባታል' አለኝ።"

ኮሎኔሉ አጨበጨቡ። መምህርቷ አጨበጨቡ፤ ሁለቱ በአንድ ሰዓት ለአንድ ነገር ሲያጨበጭቡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ መጥተው አቀፉኝ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሲያቅፉ ትንፋሽ ያጥራል። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣" አሉ በጆሮዬ። "እዚያ ቢሮ ውስጥ ስሜን በደግ ያነሳ ሰው አልነበረም።" ትከሻዬ ላይ እንባቸው ይሰማኛል። ከዚያ ቢላዋው ተሰጠኝና ኬኩን እኔ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ ፓርኪንግ ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቁልፉን ሰጥታኝ ብቻ ወደ ላይ ወጣች። ረቡዕ ጠዋት ሳይ ደብዳቤው ፍሪጁ ላይ የለም፤ ማግኔቱ ብቻ ቀርቷል። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ የተቆረጠው። ለሦስተኛ ጊዜ ተስፋ ስትቆርጥ ድምጿን እንኳ አላሰማችም።

ያን ቀን ከሰዓት ቁልፍ ስንቀባበል ግን ክንዴን ያዘችኝ። "ሺፍት የሚመድቡት እሳቸው ሆነዋል አይደል? ጠይቃቸው። አንተን ደግሞ እንደ መልአክ ነው የሚያዩህ።"

"ችግሩ እሱ ነው፣" አልኳት። "ያላደረግኩትን ውለታ ነው የሚከፍሉኝ።"

"እንግዲያው እውነቱን ንገራቸውና ከዚያ ጠይቅ።"

"እውነቱን ከነገርኳቸው አይሰጡኝማ!"

"ካልሰጡህ ይቅር፣" አለች። "እኔ ሰው አታልዬ ነርስ አልሆንም።" የመኪናውን በር ዘጋችብኝና ሄደች። እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ፈርቻት አላውቅም።

ሐሙስ፣ የምሳው ሳህን እንደተነሳ፣ እኔና እትዬ ብቻችንን ናፕኪን እያጣጠፍን ነበር። አዲሱን የሱፐርቫይዘር ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ናፕኪን ማጠፍ ግን አልተዉም።

"ያን ቀን ስምዎን የጠራሁት ለይሉኝታ ነው፣" አልኳቸው። "ሹመቱን እኔ እፈልገው ነበር። አይገባኝም ያልኩት አለቃችን እንድትለምነኝ ነው።"

ይሉኝታ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሰባት ናፕኪን ፈጀብኝ። በሞቴን፣ አፈር ስሆንን፣ እናቴን፣ ሁሉንም አስገባሁበት። እትዬ ሳያቋርጡኝ አዳመጡ።

"አውቃለሁ፣" አሉ ስጨርስ። "የእናትህን ነገር አላውቅም ነበር። ግን ኬኩን ስትቆርጥ አይቼሃለሁ። ደስ ያለው ሰው ኬክ እንደዚያ አይወጋም።"

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ቀለለኝ። አለቀ ብዬ ስለ ጠዋቱ ሺፍት ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለጨዋነት የሰው ስም መጥራት ካለብህ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ሠራተኛ አለ። ለምን የኔን?"

ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆኑ ልል ነበር። የባትሪው ሐሳብ የእርስዎ ስለሆነ ልል ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ስማቸውን የጠራሁት ግን በእነሱ ምክንያት አልነበረም። ሰው እንዲህ ባለ ግብዣ ላይ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ፣ ቦታዬን ይወስድብኛል ብሎ የማይፈራውን መርጦ ነው የሚጠራው። ከኔ በኋላ የተቀጠረ አንድ ነጭ ጎረምሳ አለ፤ እሱን ብጠራ ሊሰጡት ይችላሉ ብዬ እፈራ ነበር። አላሰብኩበትም፤ ምላሴ ራሷ ታውቀዋለች። እዚህ አገር ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩት ነገር ነው።

እትዬ ይጠብቃሉ። እውነቱን ልነግራቸው ነው የመጣሁት።

"ለእርስዎ ይሰጡዎታል ብዬ ስላላሰብኩ ነው፣" አልኳቸው።

የያዟትን ናፕኪን አጥፈው ጨረሱ። ሌላ አላነሱም። ኩሽናው ውስጥ ሳህን ይንኳኳል።

"እኔም አላሰብኩም ነበር፣" አሉ በመጨረሻ።

ይቅርታ ልላቸው ፈለግኩ፤ መምህርቷ በየቀኑ የሚሉኝ ትዝ አለኝና ቃሉ ረከሰብኝ። እትዬ ግን ከኪሳቸው የሺፍቱን ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

"ሚስትህ መቼ ነው ትምህርት የምትጀምረው?"

ስለ ባለቤቴ ትምህርትና ስለ ጠዋቱ ሺፍት አንዴ ብቻ ነበር ያወራሁላቸው፣ ያውም ከወራት በፊት። ቀኑን ነገርኳቸው። ስሜን ከማታው አምድ ሰርዘው በጠዋቱ ጻፉት። "ይሄ ላንተ አይደለም፣" አሉኝ። "ለእሷ ነው። አንተ ደግሞ ለአንድ ወር የቁርሱን ጠረጴዛ ብቻህን ነው የምታዘጋጀው። ሃምሳ ሁለቱንም።" የሺፍቱን ወረቀት አጣጥፈው ተነሱና ወደ ኩሽና ሄዱ።

ባለቤቴ አርብ በምሳ ሰዓቷ በስልክ ሬጅስተር አደረገች። አሁን ማታ ማታ እሷ ክላስ ናት፤ እኔ መኮሮኒ እቀቅላለሁ፣ ልጆቼም የእናታቸው እንደሚሻል በሁለት ቋንቋ ይነግሩኛል። እትዬ ምን እንዳሉኝ ጠይቃኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ የኬኩን ነገር፣ ሃምሳ ሁለቱን ጠረጴዛ፣ ሁሉንም። እየሳቀች ሰማችኝ። ለምን ስሜን ጠራህ ያሉኝንና የመለስኩላቸውን ግን ዘለልኩት።

እትዬ ጠዋት ጠዋት ሲያገኙኝ "ነርሷ እንዴት ናት?" ይሉኛል። "ደህና ናት" እላቸዋለሁ። ዓይናቸውን እያየሁ ለመመለስ ግን እስካሁን አፍራለሁ።